ለአካባቢ ተስማሚ የቤት ውስጥ አኗኗር፦ የማገዶ፣ የኤሌክትሪክ፣ የውሃና የቆሻሻ አያያዝ

የአካባቢ ብክለት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የተሽከርካሪ ጭስ ወይም የደን ጭፍጨፋ ነው። ይሁን እንጂ በየዕለቱ በየቤቱ የሚነደው ከሰል፣ የሚፈሰው ውሃና የሚጣለው ቆሻሻ ተደምሮ በአየር፣ በአፈርና በወንዞች ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያስቀምጣል። መብቱና ግዴታው በጋራ የሚገናኙት ከሁሉ በፊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው።

ይህ መረጃ በከተማም ሆነ በገጠር የሚኖር ቤተሰብ በዕለት ተዕለት ኑሮው ሊከተላቸው የሚችላቸውን ልማዶች ከነምክንያታቸው ያቀርባል። አብዛኞቹ ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቁ፣ እንዲያውም የቤተሰቡን ወጪ የሚቀንሱና ጤናውን የሚጠብቁ ናቸው።

1. ማገዶና ከሰል

በአገራችን በርካታ ቤተሰቦች ዛሬም ምግባቸውን የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በጭራሮ ነው። በባህላዊ መንገድ፣ ማለትም እንጨትን በአፈር ሸፍኖ በማክሰል፣ 1 ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ እንጨት ያስፈልጋል። ስለሆነም ከከሰል ማዳበሪያው የሚቆጠበው እያንዳንዱ ኪሎ በጫካ ውስጥ የሚተርፈው እንጨት ብዙ እጥፍ ነው። በገጠር ደግሞ ኩበት ሲነድ ወደ ማሳ ሊመለስ የሚገባው የአፈር ለምነት አብሮ ይነዳል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ማገዶን በተመለከተ ግን የምድጃው ዓይነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲበሰል የእሳቱ ሙቀት በየአቅጣጫው ይበተናል። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ወደ ምጣዱ ስለሚመራ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ውስጡ በሸክላ የተለበጠው «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ምድጃ ሲገዛ የሸክላው ክፍል ያልተሰነጠቀ፣ በሥሩ ያለው የአየር መግቢያም የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ከምድጃው በተጨማሪ የሚከተሉት ልማዶች ማገዶን ይቆጥባሉ፦

• እንጨትን ከመጠቀም አስቀድሞ ፈልጦ በደንብ ማድረቅ። እርጥብ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ከፊሉ በውስጡ ያለውን ውሃ ለማትነን ስለሚውል ጭሱ ይበዛል፤ ማብሰያ ጊዜውም ይረዝማል።
• ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎችን ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር።
• ድስትን ከድኖ ማብሰል፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚገኙ ከተሞች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በመሆኑም ጥራጥሬ በደጋ ከቆላው ይልቅ ለመብሰል ይዘገያል። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ምግቡን አያፈጥነውም፤ የሚጨምረው የሚተነውን ውሃ ብቻ ነው። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ቤተሰብ በደጋ አካባቢ ይበልጥ ይጠቀምበታል።
• ምግቡ ከበሰለ በኋላ የተረፈውን ፍም አፍኖ በማጥፋት ለሌላ ጊዜ ማቆየት።

ከብት ላለው የገጠር ቤተሰብ የባዮጋዝ ማብላያ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። እበቱ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ለምግብ ማብሰያና ለመብራት ይውላል፤ የሚተርፈው ዝቃጭ ደግሞ ለማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። በዚህ ረገድ ድጋፍ የሚፈልግ አርሶ አደር በቅድሚያ የወረዳውን የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይኖርበታል።

ጥንቃቄ፦ የከሰል ጭስ አደጋ

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከሰሉ ቀልቶ ጭስ ማቆሙ አደጋው ማለፉን አያመለክትም፤ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። በአጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ወይም ዕጣን ማጨስም ጋዙን አያስወግደውም። በተለይ በክረምትና በኅዳር ቅዝቃዜ ወቅት ለሙቀት ሲባል የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይዞ መተኛት ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ ከሰሉ በውጭ ተቀጣጥሎ መግባት፣ ቡና በሚፈላበት ጊዜም በርና መስኮት መከፈት፣ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከቤት መውጣት አለበት። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ለዚህ ጋዝ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

2. ኤሌክትሪክ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለሆነም ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ማብሰያ የሚሸጋገር ቤተሰብ ደንንም የራሱን ሳንባም ይጠብቃል። ይህ ማለት ግን ኃይሉን ያለ ቁጠባ መጠቀም ይቻላል ማለት አይደለም። በምሽት ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ የአንድ ሰፈር መብራትም ይቋረጣል። ከዚህም ባሻገር የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል ከሚወስዱት አንዱ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት ያላነሰ ኃይል ሊወስድ ይችላል። ምጣዱ እስኪግል ድረስ ባሉት 15 ደቂቃዎች ብቻ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህ ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖልን ወደ 100 ሰዓት ያህል ሊያበራ የሚችል ኃይል ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን መልመድ ይጠቅማል፦

• በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ በአንድ ጊዜ አጠቃሎ መጋገር፤ ከተቻለ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ተራ በተራ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ መጠቀም።
• ሊጡን፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን አዘጋጅቶ ከጨረሱ በኋላ ምጣዱን ማብራት።
• በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል አክንባሎውን ሳይከድኑ አለመቆየት።
• የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት መጋገር፤ ከዚያም የሚተርፈውን ሙቀት ለድርቆሽ ማድረቂያ ማዋል።
• መጋገርን ከምሽቱ ከፍተኛ የፍጆታ ሰዓት አውጥቶ በማለዳ ወይም በቀን ማከናወን።

በመብራት ረገድ 5 ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች በቀን ለ5 ሰዓት ቢበሩ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በምትካቸው 5 ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖሎች ቢገቡ ፍጆታው ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይወርዳል፤ የብርሃኑ መጠን ግን ተቀራራቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ቦይለርን ቀኑን ሙሉ አብርቶ ከመተው ይልቅ ከመታጠብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ማብራትና ከመታጠብ በፊት ማጥፋት በቂ ነው። ፀሐይ በብዛት በሚገኝበት አገራችን በጣሪያ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለሚችል ቤተሰብ የተሻለ አማራጭ ነው።

ማቀዝቀዣን ከምድጃና ከፀሐይ ማራቅ፣ ትኩስ ምግብ ሳይቀዘቅዝ አለማስገባት፣ የበሩን ላስቲክም መፈተሽ ይገባል። አንድ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ ሲዘጋ ወረቀቱ ያለ ችግር የሚሳብ ከሆነ ላስቲኩ ቅዝቃዜ እያስወጣ ነው። ልብስ ለመተኮስም አንድ አንዱን ከመተኮስ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ መተኮስ ኃይል ይቆጥባል።

3. ውሃ

የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚደርስ ውሃ በመሆኑ በከንቱ ሲፈስ አብሮት የሚባክነው ገንዘብና ኃይልም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚከፋፈልባቸው ሰፈሮች ደግሞ አንዱ ቤት የሚያባክነው የሌላው ቤት ድርሻ ነው።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጉዳቱ አነስተኛ ይመስላል። ጉዳቱን ለመለካት ከቧንቧው ሥር የአንድ ሊትር ዕቃ ማስቀመጥና ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ማየት ይበቃል። ዕቃው በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 24 ሊትር፣ በወር 720 ሊትር፣ ማለትም 36 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይባክናል። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው የጎማ ማጠቢያ መለወጥ ብቻ ነው። የሽንት ቤት የውሃ ታንከር ማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ በታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ወይም የጠቆረ ቡና ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ታንከሩ ያፈስሳል።

በሻወር መታጠብም በጊዜ መገደብ አለበት። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈስ ሻወር 10 ደቂቃ የቆየ ሰው 80 ሊትር ይጠቀማል፤ ሳሙና በሚቀባበት ጊዜ ውሃውን ቢዘጋ የዚህን ከፊል ያተርፋል። የልብስ መጨረሻ እጣቢ ለወለል ማጽጃና ለሽንት ቤት መልቀቂያ፣ አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ደግሞ ለጓሮ ተክል ሊውል ይችላል።

የዝናብ ውሃ ማጠራቀም በክረምት ብዙ ይጠቅማል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በመሆኑም 40 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ጣሪያ፣ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዓመት ከ32,000 ሊትር በላይ ሊወርድ ይችላል። አሸንዳ ገጥሞ ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ የሚያስገባ ቤተሰብ ከወቅቱ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ማስወገድ አለበት። ቀሪው ለልብስ፣ ለወለልና ለተክል ይሆናል። ለመጠጥ ማዋል የሚፈልግ ግን ማፍላት ወይም በውሃ ማከሚያ ማከም ይኖርበታል።

ማንኛውም የውሃ ማጠራቀሚያ በደንብ መከደን አለበት። ይህ በተለይ በድሬዳዋ፣ በሶማሌ፣ በአፋርና በሌሎች ሞቃታማ አካባቢዎች ለሚገኙ ከተሞች ወሳኝ ነው። በአገራችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ፣ በበርሜልና በታንከር ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ። ክዳን የሌለውን ዕቃ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ አድርጎ ውስጡን ፈግፍጎ ማጠብ እንቁላሎቹ ወደ ትንኝነት ሳይለወጡ እንዲወገዱ ያደርጋል።

4. ተረፈ ምግብና ኮምፖስት

ከኢትዮጵያ ከተሞች ቤቶች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ እንጀራ፣ ሣርና ቅጠል። ይህ ቆሻሻ ከሌላው ጋር ተደባልቆ በማስወገጃ ሥፍራ ሲቆለል አየር ስለማያገኝ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ሚቴን የምድርን ሙቀት በመጨመር ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው፤ ከዚህም አልፎ በክምሩ ውስጥ እሳት ያስነሳል።

የመጀመሪያው እርምጃ ምግብ እንዳይባክን ማድረግ ነው። እንጀራ እንዳይሻግት ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ መሶብ ማስገባት፣ መሶቡን አዘውትሮ ማጽዳትና ማናፈስ፣ የሚተርፈውን ገና ሳይሻግት ድርቆሽ አድርጎ ማድረቅ ከእናቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጠቃሚ ዘዴ ነው። የሻገተ እንጀራ ግን ሻጋታው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ መበላት የለበትም። የጠላ አተላና ንጹሕ ተረፈ ምግብ ከብት ለሚያረቡ ሰዎች ሊሰጥ ይችላል።

ቀሪው ወደ ኮምፖስት ይገባል። ኮምፖስት ለማዘጋጀት ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ወይም ሥሩና ጎኑ የተበሳ በርሜል ይበቃል። ሥራው በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

• ከሥሩ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ይነጠፋል፤ ይህ አየር እንዲዘዋወር ያግዛል።
• በላዩ እርጥብ የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ይጨመራል፤ ወዲያውኑም በእጥፍ መጠን ደረቅ ነገር፣ ማለትም ጭድ፣ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ይለብሳል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማም ለዚህ ተስማሚ ነው።
• ጥቂት አፈርና ካለ እበት ይጨመራል። የእንጨት አመድ በትንሹ መነስነስ ይቻላል።
• በየሳምንቱ ወይም በየ10 ቀኑ ይገላበጣል።
• እርጥበቱ በእጅ ጨብጦ ይፈተሻል። ሲጨበጥ ውሃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ነገር ይጨመራል፤ ከተበተነ ትንሽ ውሃ ይረጫል።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይትና ቅባት ያለበት ምግብ ግን አይጥና ውሻ ስለሚስብ አይገባም። ክምሩ መጥፎ ሽታ ካመጣ እርጥበት በዝቶበታል ማለት ነው። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ኮምፖስቱ ጠቁሮ፣ ተበትኖና የአፈር ሽታ ይዞ ለጓሮ አትክልትና ለአበባ ይደርሳል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ነዋሪዎች በሰገነት ላይ በተከደነ ባልዲ መጀመር ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል የጋራ ማዘጋጃ ሥፍራ መመደብ ይችላሉ።

5. ደረቅ ቆሻሻን መለየትና ፕላስቲክን መቀነስ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ ተብሎ በሚጠራው ሥፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ክምሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከየቤቱ ሳይለይ የተወሰደ ቆሻሻ ያቆመው ነበር። በዚያው ሥፍራ በ2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ነገር ግን እርጥብና ደረቅ ተደባልቆ የሚደርስ ቆሻሻ ለማቃጠልም፣ መልሶ ለመጠቀምም አስቸጋሪ ነው። ቆሻሻ ጥቅም የሚሰጠው ከምንጩ፣ ማለትም ከቤት ሲለይ ነው።

ለዚህም በቤት ውስጥ ሦስት ዕቃ ማዘጋጀት ይበቃል፦ አንዱ ለሚበሰብስ፣ ሁለተኛው ለካርቶን፣ ለወረቀት፣ ለፕላስቲክ፣ ለብረትና ለጠርሙስ፣ ሦስተኛው ለሌላው። የተለየው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብረት በየሰፈሩ ለሚዞሩ ቁራሌዎችና ልዋጮች ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ ይችላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮና ጎማ ወደ ምድጃ፣ ባልዲና መጥበሻ የሚለወጥበት ሥራ ለብዙ ሰዎች መተዳደሪያ ሆኖ የቆየ ነው። ሃይላንዶችን አጥቦ፣ ጨፍልቆና ክዳኑን ዘግቶ ማስረከብ የሰብሳቢዎችን ሥራ ያቃልላል። የተሰበረ ጠርሙስና ምላጭ ግን በካርቶን ተጠቅልሎ መለየት አለበት፤ በጽዳት ሠራተኞች እጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ ጥንቃቄ ጉድለት የሚመጣ ነው።

ፌስታልን በተመለከተ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚመለከት ክልከላ አስቀምጦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውሉ ፌስታሎችን ከልክሏል። ስለሆነም ወደ ገበያ ሲወጡ ዘንቢል፣ የጨርቅ ቦርሳ ወይም ከማዳበሪያ የተሠራ ከረጢት ይዞ መውጣት የአካባቢ ጥበቃ ብቻ ሳይሆን ሕግን የማክበር ጉዳይ ነው። በየቦዩ የሚጣል ፌስታል በሐምሌና በነሐሴ የጎርፍ መውረጃዎችን ይደፍናል፤ ከብትና በግ ሲውጡትም ለሞት ይዳርጋቸዋል።

ቆሻሻን በግቢ ውስጥ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም። በተለይ ፕላስቲክ፣ ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ ዳይኦክሲንን የመሰሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል፤ መርዙም በጓሮ አትክልትና በዶሮዎች በኩል ወደ ሰው ሊመለስ ይችላል።

በበዓላት ሰሞን የሚታረዱ እንስሳት ቆዳም ትኩረት ይሻል። ቆዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ለፋብሪካ የማይሆን ቆሻሻ ይሆናል። ቢላዋ እንዳይበሳው ተጠንቅቆ መግፈፍ፣ ከሥጋ በኩል ጨው መነስነስና በዕለቱ ለሰብሳቢዎች ማስረከብ ሀብትን ከማዳኑም በላይ አካባቢውን ከሽታ ይጠብቃል። የሆድ ዕቃ ፈርስ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መግባት አለበት።

6. ጥንቃቄ የሚሹ ቆሻሻዎች

አንዳንድ ዕቃዎች መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም ከተራ ቆሻሻ ጋር መቀላቀል የለባቸውም፦

• የባትሪ ድንጋይ፣ አሮጌ ሞባይልና ቻርጀር፦ አፈርንና የከርሰ ምድር ውሃን የሚበክሉ ብረቶችን ይይዛሉ። ለብቻ ተጠራቅመው ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች መሰጠት አለባቸው፤ በእሳት ውስጥ መጨመር የለባቸውም።
• ጠምዛዛና ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች፦ ጥቂት ሜርኩሪ አላቸው። አንዱ ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ልጆችን ማራቅ፣ ስባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል። የኤልኢዲ አምፖል ሜርኩሪ የለውም።
• ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፦ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ቦይ አይጣልም፤ በአቅራቢያ ያለን መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ተቋም ማማከር ያስፈልጋል።
• የኢንሱሊንና ሌሎች መርፌዎች፦ በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ተደርገው፣ ክዳኑ ታሽጎ ለጤና ተቋም ይመለሳሉ።
• የተባይ ማጥፊያ ዕቃዎች፦ ታጥበውም ቢሆን ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መያዣነት መዋል የለባቸውም።

7. ፍሳሽና ወንዞች

የአዲስ አበባ ወንዞች፣ ከእነዚህም ቀበና፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ፣ ከከተማዋ የተቀበሉትን ሁሉ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በአቃቂ ዳርቻ በወንዙ ውሃ የሚለማው ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይገባል። የአዋሽ ውሃ ደግሞ ለአዳማና ከዚያም በታች ላሉ ነዋሪዎች ለመጠጥና ለመስኖ ይውላል። ከቤት ወደ ቦይ የተለቀቀ ፍሳሽ በሌላ መልክ ወደ ገበታ እንደሚመለስ ማስተዋል ይገባል።

በመሆኑም ሞልቶ የነበረን የሽንት ቤት ጉድጓድ በዝናብ ተጠግቶ ወደ ጎርፍ መውረጃ መልቀቅ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ለኮሌራና ለሌሎች የተቅማጥ በሽታዎች መንስኤ ይሆናል። ጉድጓዱ ሳይሞላ፣ በተለይም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ የማስመጠጥ አገልግሎት መጠየቅ ተገቢ ነው። የመጥበሻ ዘይት ወደ ዕቃ ማጠቢያ ሳይፈስ በጠርሙስ ተጠራቅሞ መወገድ አለበት፤ በቱቦ ውስጥ ረግቶ መስመር ይዘጋልና። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ጨርቅና እርጥብ መጥረጊያ ወደ ሽንት ቤት አይጣሉም። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ከላይ ፎቅ የተጣለ አንድ ዳይፐር ከታች ያለውን ቤት በፍሳሽ ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

8. የግቢ ዕፅዋት

በግቢ ውስጥ የሚተከል ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ አቧራ ያስቀራል፣ አፈር ይይዛል። ቦታው ሰፊ ከሆነ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች፣ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይመረጣሉ። ባሕር ዛፍ ከአፈር ብዙ ውሃ ስለሚስብ በጉድጓድ ውሃና በአትክልት አጠገብ መተከል የለበትም። ችግኝ መትከል የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ በክረምት የተተከለ ችግኝ ክረምቱ ሲወጣ በሚቀጥሉት የበጋ ወራት ካልተጠጣና ከከብት ካልተከለለ አይጸድቅም።

9. ከየት መጀመር ይቻላል?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፈጸም ለማንም ቤተሰብ ይከብዳል። ስለዚህ በቅድሚያ ለሕይወት አስጊ የሆነውን ማስተካከል፣ ማለትም ከሰልን ከመኝታ ክፍል ማውጣትና የውሃ ማጠራቀሚያን መክደን ይቀድማል። በመቀጠል በአንድ ቅዳሜ ቧንቧዎችንና የሽንት ቤት ታንከርን መፈተሽ፣ ከዚያም የቆሻሻ ዕቃዎቹን ሦስት ማድረግ ይቻላል። የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን አንብቦ በደብተር መመዝገብ ለውጡን በቁጥር ያሳያል። ልጆች ቆጣሪውን እንዲያነቡ ማድረግም ልማዱን ወደ ቀጣዩ ትውልድ ያሸጋግራል።

አገልግሎት ለማግኘት፦

• የኤሌክትሪክ ብልሽትና ጥቆማ፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ነጻ የስልክ ጥሪ 905።
• በአዲስ አበባ የውሃ መስመር ስብራት፣ የፍሳሽ መስመር መዘጋትና የሽንት ቤት ማስመጠጥ አገልግሎት፦ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ 906።
• የቆሻሻ አሰባሰብ መዘግየት ወይም ሕገ ወጥ አወጋገድ፦ የወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት።
• የተሻሻሉ ምድጃዎች፣ የባዮጋዝና የፀሐይ ኃይል መረጃ፦ በየወረዳው የሚገኝ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት።

ጥቆማ የሚያቀርብ ነዋሪ የቦታውን ልዩ ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም ታዋቂ ምልክት፣ ችግሩ የተጀመረበትን ቀንና የደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ቢቀርብ ፈጣን ምላሽ ለማግኘት ይረዳዋል።

አንድ ቤት የሚቆጥበው ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ንጹሕ ወንዝና ጤናማ አየር የሚገኙት እያንዳንዱ ቤት የየድርሻውን ሲይዝ ነው።